ዘይነባን ያታለልንባት ነጭ መኪና

ዘይነባ መሞቷን የሰማሁት ዳቦ ሰልፍ ላይ ነው። የነገረችኝ ጦይባ ናት፤ ከጦርነቱ በፊት እዚሁ ካርቱም ሪያድ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራ የነበረች የወሎ ልጅ። ሁለታችንም ወደ ካርቱም ከተመለስን ገና ወር አልሞላንም። ጀሪፍ ሰፈር፣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ተያየንና ሰላም ተባባልን፤ የነማን ቤት እንደፈረሰ፣ ማን ወደ አገሩ እንደገባ ስናወራ ቆይተን፣ "ዘይነባ እኮ ሞተች፤ አልሰማህም እንዴ?" አለችኝ። ከከተማው ዳር፣ ሶባ፣ ተከራይታ በምትኖርባት ክፍል ትኩሳት ይዟት በሦስተኛው ቀን አረፈች። ቀብሯም እዚያው ሶባ ነው።

ጦይባ ሰልፉን ተከትላ ጠጋ አለችና፣ "አላህ ይማራት። ነገረኛ ነበረች እንጂ ልቧስ ደግ ነበር" ብላ ጨመረችበት።

ነገረኛ። ይቺን ቃል ስሰማ ደሜ ፈላ። በጦይባ አልነበረም የተናደድኩት፤ እሷ የሰማችውን ነው የደገመችው። መኪና ሻጩ ነገረኛ ብሏታል፣ አለቃዬ ብሏታል፣ ያሰራት ፖሊስ ብሏታል። አንዳቸውም ግን ምን እንደተደረገባት አልተናገሩም። ምን እንደተደረገባት ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም ከአድራጊዎቹ አንዱ ነበርኩ።

ስሜ ደሳለኝ ነው፤ የጎንደር ልጅ ነኝ። ጀሪፍ ውስጥ ኡስታ ከማል የሚባል ሱዳናዊ ወርሻ ውስጥ በመካኒክነት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ወርሻ የምንለው ጋራዡን ነው። ኡስታ ማለት ደግሞ ዋናው ባለሙያ ነው፤ ከማልም ባለሙያነቱን ማንም አይክደውም። ሞተር በጆሮው ብቻ የሚያውቅ ሰው ነበር። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ሳያውቅ የሚያበላሽ ይቅር ይባላል። እሱ ግን እያወቀ ነው።

ዘይነባ ረዥምና ቀጭን ሴት ነበረች፤ ግራ እጇ ላይ የምጣድ ዘይት ያቃጠላት ጠባሳ አለ። ሪያድ አንድ ቪላ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ማዳሟ ዓይኗ ሲደክም መንዳት ፈራችና ልጆቹን ትምህርት ቤት እንድታደርስ ብላ ዘይነባን መንዳት አስተማረቻት። መንጃ ፈቃድም በዚያው አወጣች። ከዚያ ወዲህ ሐሳቧ አንድ ሆነ፤ መኪና መግዛት። ለመንሸራሸር አይደለም። አርብ አርብ የዕረፍት ቀናቸው የሆኑ የአገሯ ሴቶች በሕዝብ መኪና ሲሄዱ ይጎነተላሉ፣ ይሰደባሉ። ከሠራችበት ቤት ድንገት የተባረረች ሴት ሻንጣዋን ይዛ አስፋልት ዳር ትቆማለች። የታመመች በሪክሻ፣ ባጃጅ በምንለው፣ እየተንገጫገጨች ሶባ ሆስፒታል ድረስ ትሄዳለች። "አንዲት መኪና ብትኖረን ይሄ ሁሉ ውርደት ይቀር ነበር" ትል ነበር። ብትኖረኝ አትልም። ብትኖረን ነው የምትለው።

ነጯ መኪና ወርሻችን የገባችው ከዘይነባ ሦስት ሳምንት ቀድማ ነው። ከእነዚህ ከትንንሾቹ፣ ግን ከመሬት ከፍ ብለው ከሚቆሙት መኪኖች አንዷ ናት። ሲያዩዋት ታምራለች፤ ቀለሟ ያበራል፣ ወንበሯ ንጹሕ ነው። ሻጩ፣ አሮጌ መኪና ነጋዴ፣ በሌላ መኪና ጎትቶ ነው ያመጣት፤ ሞተሯ ፈልቶ ቆማ። ኡስታ ከማል የዘይቱን ክዳን ከፍቶ አሳየኝ። ከክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር ተጋግሯል፤ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው። የሞተሩ ራስ መፈታት፣ ከሥሩ ውሃና ዘይት የሚለየው ጓርኒሲዮን መቀየር ነበረበት። የብዙ ቀን ሥራ ነው፤ ወጪውም ከባድ ነው። ሻጩ ግን ያን ያህል ለማውጣት እሺ አላለም።

"ለሁለት ወር ትሂድልኝ እንጂ ሌላ አልፈልግም" አለ።

ኡስታ ከማል ራዲያተሩ ውስጥ ፍሳሽ የሚደፍን ዱቄት ጨመረበት። ዱቄቱ ቀዳዳውንም ይደፍናል፣ ደህናውንም ቱቦ ይደፍናል። ወፍራም ዘይት ሞላበት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ያላ ደሳለኝ፣ መብራቷን አጥፋት" አለኝ።

መኪናዋ የሙቀት መርፌ የላትም። ሞተሩ ሲግል የምትበራ አንዲት ቀይ መብራት ብቻ ናት ያለቻት። ዳሽቦርዱን ፈትቼ ከዚያች መብራት ጀርባ ጥቁር ፕላስተር ለጠፍኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ማንም አላስገደደኝም፤ ማንም ጠመንጃ አልያዘብኝም። እንጀራዬ ነው ብዬ ነው። ይሄን ስጽፍ እጄን መቁረጥ ያምረኛል፤ ግን ያኔ እጄን ታጥቤ ምሳ በልቻለሁ።

ዘይነባ የመጣችው ሻጩ ራሱ ይዟት ነው። "የፈለግሽው ባለሙያ ይይልሽ" ብሏት እኛው ዘንድ አመጣት። ኡስታ ከማል ኮፈኑን ከፈተ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ "ታማም ነው፣ ምንም የላትም" አላት። እሷ አላመነችውም። ወደ እኔ መጣችና በአማርኛ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

"ወንድሜ፣ አንተ የአገሬ ልጅ ነህ። ይቺን መኪና ለእህትህ ትገዛላት ነበር?"

"እገዛላት ነበር" አልኩ።

"ወላሂ በል።"

"እኔ ክርስቲያን ነኝ።"

"እንግዲያው በማርያም በል።"

"በማርያም" አልኩ። ኡስታ ከማል አማርኛ ባይሰማም ምን እንደተባባልን ገብቶታል፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ዘይነባ የዚያኑ ቀን ገዛቻት።

በስድስተኛው ሳምንት ተመልሳ መጣች። "ከቆመችበት ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች" አለች። ካምቢዮው ነበር። የዚህ ዓይነት መኪና ካምቢዮ ጥርስ ሳይሆን የብረት ቀበቶ ነው ያለው። ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረና ካልጋለ ዕድሜ አለው፤ የሚቀዘቅዘው ግን በዚያው በራዲያተሩ በኩል ነው። ራዲያተሩን ደግሞ እኛው ደፍነነዋል። ኡስታ ከማል ላዩን ትንሽ ዘይት ጨምሮ የሙሉ ቅያሪ አስከፈላት። በአራተኛው ወር ካምቢዮው ለየለት። አዲስ ነው ብሎ ያስገባላት ከተጋጨች መኪና የወጣ አሮጌ ነው፤ ዋጋው ግን የአዲስ ነው። ዘይነባ የእናቷን የወርቅ አምባር ሸጠች። መኖሪያ ፈቃዷን፣ ኢቃማዋን፣ ልታሳድስበት ያስቀመጠችውም በዚያው ሄደ። ከዚያ የፊት እግሯ ቦኮላ፣ ንዝረት የሚይዘው ጎማ፣ አለቀ፤ ቀጥሎ የጎማው ኩሽኔት ጮኸ፤ ቀጥሎ ኤሲው ሙቅ አየር መትፋት ጀመረ። ለመኪናዋ ከከፈለችው እኩሌታውን ያህል ለጥገና አወጣች፤ ዋናውን በሽታ ግን አንድም ቀን አልነካንላትም።

ያኔ ነው የተለወጠችው። "የወለቀውን ዕቃ ስጡኝ" ማለት ጀመረች።

"ምን ያደርግልሻል? ቆሻሻ ነው" አላት ኡስታ ከማል።

"ከኔ መኪና የወለቀ ጥርስ የኔ ነው" አለችው።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋን ጥላ አትሄድም። አሮጌ ጎማ ላይ ትቀመጥና ዓይኗን ከእጃችን አትነቅልም። ይሄ ምንድን ነው ትላለች፤ ለምን ፈታኸው ትላለች፤ መሬት ላይ የተንጠባጠበውን በጣቷ ነክታ ታሸታለች። ካምቢዮ ዘይትን ከፍሬን ዘይት በሽታው ትለይ ነበር። ኡስታ ከማል ያኔ ነው "ይቺ ሴት ነገረኛ ናት" ማለት የጀመረው። ገንዘቧን ስትከፍል ደህና ነበረች፤ መጠየቅ ስትጀምር ነገረኛ ሆነች።

የሶባውን መንገድ ነገር የነገረችኝ ራሷ ናት፤ እዚያ አልነበርኩም። ሉባባ የምትባል ልጅ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራ ነበር፤ ባሏ ወርቅ ፍለጋ ወደ ሰሜን የሄደ። እርጉዝ ናት፤ ቀኗ ደርሷል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ምጥ ያዛትና ለዘይነባ ደወሉላት። ዘይነባ ከኋላ አስተኝታት፣ ኤሲው አልሠራ ሲል መስኮቶቹን ከፍታ ወደ ሶባ ሆስፒታል ገሰገሰች። ሙቀቱ አስፋልት የሚያቀልጥ ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ አንድም መብራት አልበራም። ግማሽ መንገድ ላይ ከኮፈኑ ሥር ጭስ ተነሣና ሞተሩ ጸጥ አለ። አልነሳም አለ።

መንገዱ ዳር ጥላ የሚባል ነገር የለም። ዘይነባ ቶቧን፣ የምትከናነበውን ረዥም ልብስ፣ አውልቃ ሉባባ ላይ ከለለችላት፤ ፀጉሯ ተገልጦ አስፋልት መሐል ቆማ የሚያልፈውን ሁሉ ለመነች። አንዳንዱ እያየ አለፈ። አንዳንዱ አቆመና ደም ሲያይ ሄደ። ቀትር ተሻግሮ ሽንኩርት የጫነ ሰውዬ አሳፈራቸው። ሆስፒታል ሲደርሱ ሉባባ ተረፈች። ልጁ ሞቶ ተወለደ።

በሦስተኛው ቀን ዘይነባ ወርሻችን መጣች። በእግሯ ነው የመጣችው። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጮኸችም። ኡስታ ከማል ፊት ቆመችና ከመዳፏ ውስጥ አንድ ነገር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የተኮማተረ ጥቁር ፕላስተር ነው።

"ከመብራቷ ጀርባ ያገኘሁት ነው" አለች በዓረብኛ። "ሶባ እንደኔዋ ያለች መኪና ያለው ሰው ቁልፉን ሲያዞር አየሁት። ሁሉም መብራት ይበራል፣ ከዚያ ይጠፋል። የኔን ባዞር አንዷ አትበራም። አስፈታሁት።"

ኡስታ ከማል ፕላስተሩን አላየውም። "የልጁን ነገር ሰማሁ። ቀደር ነው እህቴ፤ ከአላህ የታዘዘ ነው" አላት።

"ቀደር አትበል" አለችው። "ፕላስተር የሚለጥፍ ቀደር የለም።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አልጠየቀችኝም። እጄን ብቻ አየችው፤ ቆማ አየችው። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ስትወጣ ኡስታ ከማል "ኻላስ፣ አለቀ፣ ወደ ሥራህ" አለኝ። የያዝኩትን ቁልፍ ጣልኩና ተከተልኳት። የሪክሻ መቆሚያው ጋ ደረስኩባት።

"እኔ ነኝ የለጠፍኩት" አልኳት።

"አውቃለሁ።"

"ኡስታ አዞኝ ነው።"

"ያኔ ጠይቄህ ነበር" አለች። "በማርያም አልክ።"

"አዎ።"

"እኔ ምን እንድልህ ነው የምትፈልገው? የሞተው የኔ ልጅ አይደለም። ሂድና ለሉባባ ንገራት።"

እንዴት ብዬ አልኳት። አፍህን ከፍተህ ነዋ አለችኝ።

በማግስቱ ሶባ ሄድኩ። ሉባባ አንዲት የጭቃ ክፍል ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች፤ ዘይነባ እግሯ ሥር ተቀምጣለች። በር ላይ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ዱቄቱን፣ ዘይቱን፣ መብራቷን፣ መሐላውን። ሉባባ አልዞረችም። "ወንድ ነበር" አለች። እስከ ዛሬ ድረስ ከዚያ የከበደ ነገር ማንም አልተናገረኝም።

ዘይነባ በዚያ አላበቃችም። በቀጣዩ የገበያ ቀን መኪና መሸጫው መሐል ይዛኝ ሄደች። የተሰባበሩ ዕቃዎቿን በጆንያ ይዛ መጥታ ሻጩ መኪኖቹን በደረደረበት ፊት ለፊት መሬት ላይ አፈሰሰቻቸው፤ የካምቢዮው ቀበቶ፣ ቦኮላው፣ ኩሽኔቱ። ሰው ተሰበሰበ። "እኔን አትስሙ፤ የሠራውን ስሙት" አለችና ገፋ አደረገችኝ። በተሰባበረ ዓረብኛዬ ያደረግነውን ተናገርኩ። ሊገዙ የመጡ ሁለት ሰዎች ትተው ሄዱ። ሻጩ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ስልክ ደወለ።

ፖሊሶቹ የጠየቁት ስለ መኪናዋ አልነበረም፤ ስለ ሞተው ልጅም አልነበረም። ኢቃማዋን ነው። ጊዜው አልፎበታል። ለምን እንዳላሳደሰችው ልነግራቸው ስል አንዱ "አንተ ወረቀትህ ደህና ነው፤ ሂድ" ብሎ ገፈተረኝ። አምስት ቀን አሰሯት። ሴቶቹ አዋጥተው አስወጧት። እኔን ኡስታ ከማል አባረረኝ። ሻጩ ወደ ገበያው ሌላኛው ጥግ ተዛውሮ መኪና መሸጡን ቀጠለ። ፍርድ የሚባለው ይሄ ነው። ዛሬም ሳስበው ጥርሴ ይፋጫል።

መኪናዋን ሶባ፣ ዘይነባ ደጃፍ ላይ፣ በራሴ እጅ ሠራኋት። ሁለት ወር ፈጀብኝ። የሞተሩን ራስ ማሽን ቤት ወስጄ አስልጌ፣ ጓርኒሲዮኑን ቀይሬ፣ ራዲያተሩን አውጥቼ ጥዬ ሌላ አስገባሁ። ገንዘብ አልቀበልም አልኳት። "ማን ሊሰጥህ ነው?" አለችኝ። የሠራሁትን ሁሉ በየቀኑ ትፈትሻለች፤ እጇን ከሞተሩ ሥር ሰድዳ እርጥበት ትፈልጋለች። ምግብ ታመጣልኛለች፤ አብራኝ ግን አትበላም። "ወንድሜ" ብላ የጠራችኝ ያቺን አንዲት ቀን ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ስሜንም አልጠራችው፤ "አንተ መካኒክ" ነው የምትለኝ።

ከዚያ ወዲህ ካርቱም ውስጥ ካለ የአገራችን ሰው ዘይነባን ሳያማክር አሮጌ መኪና የሚገዛ ጠፋ። ትመጣለች፤ ማንንም ሰላም ሳትል ቁልፉን ታዞራለች። "መብራቶቹን ቁጠር" ትላለች ገዢውን። የዘይቱን ክዳን ከፍታ ታሸታለች። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት በእጇ ትነካዋለች፤ ሞቃት ከሆነ፣ "ቀድመው አሙቀውታል፤ ሲቀዘቅዝ አይነሳም ማለት ነው" ብላ ትሄዳለች። ሻጮች ይጠሏት ነበር። አንዱ ድንጋይ ወርውሮባታል። እሷ ግን፣ "መኪና አይዋሽም። የሚዋሸው ሐኪሙ ነው" ትልና እኔ ካለሁ ወደ እኔ ታያለች። እንዳይረሳኝ ነው። አልረሳሁም።

ጦርነቱ ሲጀመር እኔ ጀሪፍ ክፍሌ ውስጥ ተዘግቼ ነበር። ውሃ አልቋል፤ መብራት የለም። በስምንተኛው ቀን ጠዋት የመኪና ጡሩምባ ሰማሁ። ወጥቼ ሳይ ነጯ መኪና ናት። ከሪያድ ቪላዎች ያወጣቻቸው ስድስት ሴቶች ተጨናንቀው ተቀምጠዋል፤ አሠሪዎቻቸው በር ቆልፈውባቸው የሸሹ ናቸው። ዘይነባ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

"ከኋላ ሻንጣ መጫኛው ውስጥ ቦታ አለ። ግባ" አለችኝ።

ቆሜ አየኋት። እንዲህ ባለው ቀን እኔን ታስባለች ብዬ አልጠበቅሁም።

"ዘይነባ፣ ይቅር ብለሽኛል ማለት ነው?" አልኳት።

"ቦታ አለ ነው ያልኩህ" አለች። "ሌላ ነገር አላልኩም። መኪናዋ መንገድ ላይ ብትቆም የምታውቃት አንተ ነህ። ግባ።"

ገባሁ። በመደኒ ከተማ በኩል ገዳሪፍ እስክንደርስ ሁለት ቀን ፈጀብን። በየኬላው መሣሪያ የያዘ ሰው ያስወርደናል፤ ዘይነባ ሁሉንም ራሷ ታናግራለች፤ ድምጿ አንድ ጊዜም አልተንቀጠቀጠም። ገዳሪፍ፣ ሴቶቹ ተሳፍረው ወደ ኢትዮጵያ ድንበር የሚሄዱበት መናኸሪያ ላይ አወረደችን። ሴቶቹ እጇን እየሳሙ አለቀሱ። እሷ ጎማዎቹን በእግሯ ነካ ነካ እያደረገች ዞረች፤ ውሃ ጨመረች፤ ነዳጅ በጀሪካን ገዝታ ቀዳች።

"ወዴት ነው?" አላት አንድ የመናኸሪያው ሾፌር።

"ወደ ካርቱም። ሪያድ ውስጥ የተቆለፈባቸው ገና አሉ።"

ሦስቴ እንደተመላለሰች በኋላ ሰምቻለሁ፤ በሦስተኛው ታጣቂዎች መኪናዋን ቀምተዋት ከሴቶቹ ጋር በእግር ሶባ ገባች። ያን ቀን ግን ይሄን አላወቅኩም። አጠገቧ ነበርኩ፤ ሞተሩን አስነሥታ በመስኮቱ አየችኝ። መንገድ ላይ ብትቆም የማውቃት እኔ ነኝ። አብሬሽ ልሂድ አላልኳትም።

እሷም አልጠየቀችኝም።